ያነቁኝ ይፈረድባቸው

ሰው በሽምግልናው ይጦራል እንጂ በፕላስቲክ ቱቦ ከራስጌው ይታሰራል? እኔ ታስሬያለሁ። ማታ ማታ፣ እዚሁ ተክለ ሃይማኖት፣ አባቴ ባወረሰኝ አልጋ ላይ፣ አፍንጫዬን በጎማ ጭምብል ሸብቤ፣ በማጅራቴ ማሰሪያ አዙሬ፣ ሲፓፕ የምትባል ጥቁር ሣጥን የምትነፋውን አየር እየዋጥኩ እንድተኛ ተፈርዶብኛል። የፈረደችብኝ የልጅ ልጄን የምታክል ሐኪም ናት። ጨዋ ልጅ ናት፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ባለጌ ብትሆን ጥያት እወጣ ነበር።

ክሱ ማንኮራፋት ነው። አዎ፣ አንኮራፋለሁ። ዕድሜ ልኬን ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ የሸጥኩ ሰው በሹክሹክታ ይተኛ? በዚህ ሰፈር ሌሊት የሚራገፍ አይሱዙ አለ፣ የጫኝና አውራጅ ጩኸት አለ፣ የተክለ ሃይማኖት ማኅሌት አለ፣ ከወዲያ የአንዋር መስጊድ አዛን አለ። ከዚህ ሁሉ መሃል የእኔን ጉሮሮ ለይቶ የሚከስ ከየት መጣ? ከጎኔ መጣ። ባለቤቴ ናት። “ማንኮራፋቱስ ግድ የለም፣ ለምጄዋለሁ” አለቻት ለሐኪሟ፣ የሌለሁ ይመስል። “እኔን የሚያስፈራኝ ዝም ሲል ነው። ዝም ይላል፣ ዝም ይላል፣ እኔ እመቤቴን እየጠራሁ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ጉሮሮውን እንደተለቀቀ ሰው ያጓራና ይመለሳል።”

ልጅቱ ወደ እኔ ዞረች። “አባባ፣ ቀን ቀን እንቅልፍ ይጥልዎታል?” ምን ዓይነት ጥያቄ ነው! ሽማግሌ ነኝ፣ ይጥለኛል። ታክሲ ውስጥ ይጥለኛል፣ ስብከት ላይ ይጥለኛል፣ ለቅሶ ቤት አስተዛዛኝ ሆኜ ሄጄ ይጥለኛል። “ጠዋት ራስዎን ያምዎታል? ሌሊት ለሽንት ይመላለሳሉ? የደም ግፊትዎ በመድኃኒት አልወርድ ብሏል?” ጎረቤት ነገራት እንጂ ይህን ሁሉ ከየት አመጣችው አልኩ በሆዴ።

ከዚያ መርማሪ ዕቃ አስታጥቀው ወደ ቤት ሰደዱኝ። ጣቴን ቆንጥጦ የሚይዝ ነገር፣ ደረቴ ላይ መቀነት፣ አፍንጫዬ ሥር ቀጭን ቱቦ። ውጤቱ ስሊፕ አፕኒያ ነው ተባለ፤ በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቋረጥ። ሰው ሲተኛ የጉሮሮው ጡንቻ ይላላል፣ ምላሱም ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ የአንዳንዱ መተንፈሻ ያኔ ይደፈናል። ለ10 ሴኮንድና ከዚያ በላይ ከተቋረጠ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሲወርድ አንጎል ደንግጦ ይቀሰቅሳል፤ ተኚው ግን ጠዋት አያስታውሰውም። በሰዓት ከ5 በታች ከሆነ አያሳስብም፣ ከ30 በላይ ከባድ ይባላል። የእኔ ከባዱንም አልፎ ሄዷል። እንግዲህ ፍርዱን ስጡኝ፤ በሰፈሩ ሁሉ እንቅልፋም ስባል የኖርኩት ሰውዬ፣ ለካ ሌሊቱን ስነቃ ነው የማድረው! ስሜን ያጠፉት ሁሉ ካሣ ሊከፍሉኝ ይገባል።

ካሣው ቀርቶ ከፋይ ሆንኩ። ብር በሐምሌ 2016 ለገበያ ዋጋ ከተለቀቀ ወዲህ በዶላር የሚገባ ዕቃ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። የማሽኑን ዋጋ ስሰማ ትንፋሼ ቆመ፤ ያኔ ደግሞ ነቅቼ ነበር። ሜሪላንድ ያለችው ልጄ ናት ገዝታ በመንገደኛ የላከችልን። ሶኬቱ አልገጥም ስላለ አዳፕተር ከመርካቶ ገዛሁ፤ ከሒሳቡ ሁሉ በደስታ የከፈልኩት ይህን ብቻ ነው።

ይህን ነገር ማን ፈጠረው ብዬ ጠየቅኩ፤ ሰው የሚረግመውን ማወቅ አለበት። ኮሊን ሰሊቫን የሚባል የአውስትራሊያ ሐኪም ነው፣ ሲድኒ ላይ፣ በ1980 እ.ኤ.አ.። ከዚያ በፊት ለከባዱ ሕመም የነበረው መፍትሔ አንገትን በስቶ ቱቦ ማስገባት ነበር። አንድ በሽተኛ አንገቴን አላስበሳም አለ። (ይህን ሰው ባገኘው ክትፎ እጋብዘው ነበር።) ሐኪሙም የአቧራ መጥረጊያ ማሽን ሞተር አምጥቶ፣ መሳቡን ትቶ እንዲነፋ አደረገና በሰውየው አፍንጫ ለቀቀበት። ሰውየው ሌሊቱን ለጥ ብሎ ተኛ። ነገሩ በዓመቱ ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። የጭምብሉ ሐሳብ ደግሞ ሐኪሙ ለትንፋሽ ጥናት ለውሾች ይሠራ ከነበረው የመጣ ነው፤ መጀመሪያ ላይ በየማታው በሲሊኮን ሙጫ ፊት ላይ ይለጠፍ ነበር። ይህን ስሰማ ቁጣዬ ትንሽ በረደ። ይህ እኮ የምናለሽ ተራ ሥራ ነው! የዘይት በርሜል ቀጥቅጠው ምድጃ የሚያደርጉ ልጆች ያሉበት አገር፣ አንድ ሞተር ገልብጦ ማስነፋት አቅቶት በሲድኒ ተቀደመ።

ግፊቱ በሴንቲ ሜትር ውሃ ይለካል፤ ከ4 እስከ 20 ይሄዳል። ለእኔ 10 አካባቢ አደረጉልኝ። እኔ የማውቀው ንፋስ የጎሚስታ ንፋስ ነው፤ ለቤት መኪና ጎማ 30 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ይሞላል። 10 ሴንቲ ሜትር ውሃ በዚያ ሚዛን ስንት ይሆናል ብዬ አሰላሁ፤ የ1 ፒ.ኤስ.አይ. አንድ ሰባተኛ! ይህች እፍታ ናት ጉሮሮ ገልብጣ የምትከፍት? “ከፋች ሳይሆን እንዳይዘጋ ደጋፊ ናት” አለች ሐኪሟ። ውሃ ለምን መለኪያ እንደሆነ የገባኝ ግን ከሌላ ቦታ ነው። የወንድሜ የልጅ ልጅ ጊዜዋ ሳይደርስ ተወልዳ ሳለች በአፍንጫዋ ቱቦ ገብቶላት አይቻለሁ፤ የቱቦው ሌላው ጫፍ ውሃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ተነክሮ ይንቦቀቦቃል። ጫፉ 5 ሴንቲ ሜትር ከጠለቀ ግፊቱ 5 ነው፤ በቃ። ያም ሲፓፕ ይባላል። ባለቤቴ ይህን አትረሳም። ባጉረመረምኩ ቁጥር “ያቺ ጭብጥ የማትሞላ ሕፃን ዝም ብላ ተኛችበት” ትለኛለች። ሕፃኗ አፍ አልፈታችም እኮ፣ ምን ትበል!

የለመዱት እንደሚቀል ነግረውኛል። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ግን ለጠላቴም አልመኝ። ጺሜ ባለበት አየሩ ሾልኮ ያፏጫል፤ ማሰሪያውን ሳጠብቀው ጉንጬ ላይ መስመር ይቀራል፤ አፌን ከከፈትኩ ንፋሱ በዚያ ይወጣል። ጉሮሮ እንዳይደርቅ ውሃ የሚጨመርበት ዕቃ አለው፤ እሱም የቧንቧ ውሃ አይወድም፣ የተጣራ ካልሆነ። የድሮ ሱቅ ጎረቤቴ ጋ ሄጄ የባትሪ ውሃ ስጠይቀው “ጋሼ፣ ለየትኛው መኪና ነው?” አለኝ። ለአፍንጫዬ ነው ስለው እስካሁን ይስቃል። ሐኪሟ ደግሞ አልሳቀችም፤ ለባትሪ የተሸጠ ለሳንባ አይሆንም ብላ ከለከለች። መብራት ሲሄድ ማሽኑም አብሮ ይሄዳል። በዚህ በኩል እንኳ ለሙያዬ ክብር ስል የጭነት መኪና ባትሪና ኢንቨርተር ከአልጋው ሥር አስገብቻለሁ። ባለቤቴ “መኝታ ቤቴን ጋራዥ አደረግከው” ብላ አኮረፈች። ማንኮራፋት ለእኔ ሲከለከል ማኩረፍ ለእሷ ተፈቅዷል።

ከሁሉ የከፋው ማሽኗ ወሬኛ መሆኗ ነው። ጭምብሉን ስንት ሰዓት እንዳደረግኩ፣ ስንት ጊዜ ትንፋሼ እንደተቋረጠ፣ አየር ምን ያህል እንዳመለጠ ትጽፋለች፤ ሐኪሟም ታነባለች። ቢያንስ 4 ሰዓት ይጠበቃል። ጻድቁ አባታችን ሰባት ዓመት በአንድ እግራቸው ቆመው ጸለዩ ይላል ገድላቸው፤ በስማቸው በተጠራ ሰፈር ተወልጄ ያደግኩ ሰው ተኝቼ 4 ሰዓት መቻል አቃተኝ ማለት አያምርም። ቻልኩት እንግዲህ፣ በጥርሴ።

የቻልኩባት ሌሊት ማግስት ገና ሳይነጋ በር ተንኳኳ። ጎረቤቴ ናት፤ የሚለየን አንድ ጭቃ ግድግዳ ነው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች። ሌሊቱን ድምፄን ስታጣ ሞቷል ብላ ወስናለች። የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ከኋላዋ ነበር። ጭምብሉን በአንገቴ እንዳንጠለጠልኩ ብቅ ስል ደግሞ ሁለቱም ወደ ኋላ አፈገፈጉ፤ በኮሮና ጊዜ ሚሊኒየም አዳራሽ አልጋ ተደርድሮ በቴሌቪዥን ያዩት ትዝ ብሏቸው። በሕይወት መኖሬን ለማስረዳት ቡና ማፍላት አስፈለገ።

አሁን የደም ግፊቴ ወርዷል፤ ሌሊት አልመላለስም፤ ጠዋት ራሴን አያመኝም። ይህን ለባለቤቴ አልነገርኳትም፣ እናንተም እንዳትነግሯት። ግን ያመጣብኝን መዘዝ ስሙ። ቀን አላንቀላፋም! ስብከቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማሁት። አማቼ ስለ መሬት ሊዝ ሲያወራ ድሮ በመሃሉ እሰወር ነበር፤ ዛሬ እያንዳንዷን ካሬ ሜትር ከእሱ ጋር እለካለሁ። የዕድር ስብሰባ ላይ ደግሞ ጸሐፊው ሪፖርቱን ሲያነብ ዙሪያዬን ባይ አገሩ ሁሉ አንገቱን ደፍቷል። ዓይኑ የተገለጠ እኔ ብቻ። ዳኛው አየኝና “ጋሼን ሂሳብ መርማሪ ብናደርጋቸውስ?” አለ። የተኛ ሰው አይቃወምም፤ በሙሉ ድምፅ አለፈ።

ይኸው መዝገብ ታቅፌ የዕድሩን ዕቃ ስቆጥር ከቤት ቤት እዞራለሁ። ድንኳኑ ተገኘ፣ ወንበሩ ተሟላ፣ ከትልልቆቹ ድስቶች ግን አንዱ ጎደለ። ሰፈሩን ስጠረጥር ከርሜ ትናንት የተገኘው እኛው ጓዳ ነው፤ ከየትኛው ለቅሶ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ፣ ባለቤቴ ጤፍ ታስቀምጥበታለች። ይህን ለስብሰባው ምን ብዬ እንደማቀርብ ሳወጣ ሳወርድ፣ ጭምብሌን አጥልቄ ጣሪያ ጣሪያ ሳይ ነጋልኝ። ማሽኗ ስምንት ሰዓት ብላ መዝግባ፣ አረንጓዴ ምልክት ሰጥታኛለች።