ጨረታ በገዛ ሰነድዎ ለመሸነፍ

ሥራውን ጥርት አድርገው የሚያውቁ ሆነው በቴክኒክ ግምገማ መውደቅ ከፈለጉ፣ ከሁሉ አስቀድመው የጨረታ ሰነዱን ተራ ቁጥር ይርሱ። ደንበኛው በ3.2 የጠየቀውን በ7.1 ይመልሱለት። ግማሹንም አባሪ ውስጥ ይቅበሩት። ገምጋሚው የነጥብ መስጫ ቅጽ ይዞ በመመዘኛው ቅደም ተከተል ነው የሚሄደው፤ መልሱን በቦታው ካጣ ዜሮ ጽፎ ያልፋል።

የመጀመሪያዎቹን 20 ገጾች ለድርጅቱ ታሪክ፣ ለራዕይና ተልዕኮ፣ ለሥራ አስኪያጁ ፎቶ ይስጡ። ካለፈው ጨረታ ሲገለብጡ የቀድሞውን ደንበኛ ስም አያጥፉ። ማውጫና የገጽ ቁጥር ይቅሩ። ጥያቄ፣ መልስ፣ ገጽ የሚሉ ሦስት ዓምዶች ያሉት ሠንጠረዥ ከፊት እንዳያስቀምጡ ደግሞ አደራ! ገምጋሚው የፈለገውን ሁሉ ወዲያው ያገኘዋል።

አማርኛውን በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ ጽፈው ፋይሉን ወደ ፒዲኤፍ ሳይቀይሩ ይላኩ። ፊደሉ ባልተጫነበት ኮምፒውተር የደከሙበት ጽሑፍ የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ክምር ሆኖ ይከፈታል።

ዋጋው በአኃዝ ሌላ፣ በፊደል ሌላ ይሁን። 15 በመቶው ቫት ይካተት አይካተት አይናገሩ። የማስረከቢያውን ቀን ሲጽፉ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደሆነ አይግለጹ። ቴክኒካልና ፋይናንሻሉ በተለያየ ፖስታ ይታሸግ ከተባለ ዋጋዎን ቴክኒካሉ ውስጥ ይክተቱት፤ ከውድድር ለመውጣት ይህ ብቻውን ይበቃል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው አንድ ሰነድ እስከ ዛሬ ስለሚቆጨኝ ነው። የግምገማ ኮሚቴ አባል ነበርኩ። ውጤቱ ከተነገረ በኋላ ከተሸነፉት አንዱ፣ ወጣት መሐንዲስ፣ ለጥገና አገልግሎት ለምን ነጥብ እንዳልተሰጣቸው ሊጠይቅ መጣ። በቦታው የተጻፈ ነገር እንዳላገኘን ነገርኩት። ሰነዱን ተቀብሎኝ ወደ መጨረሻው ገለጠና በሠራተኞች የሥራ ልምድ መሀል ያለ አንድ አንቀጽ በጣቱ አሳየኝ። ብልሽት ሲያጋጥም ማን እንደሚመጣ፣ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ፣ መለዋወጫው የት እንደተቀመጠ አንድ በአንድ ተጽፏል። ከቀረቡት መልሶች ሁሉ የተሻለው ነበር። ርእስ እንኳ አልነበረውም።