አሥራ ሁለት አንበሳ

ነሐሴ ሲጋመስ መርካቶ ሁለመናው ደብተር ይሆናል። ሌላ ጊዜ ብርድ ልብስና ፕላስቲክ ጫማ የሚሸጠው ሁሉ የተማሪ ቦርሳ ደጁ ላይ ይሰቅላል፤ ከአንዋር መስጊድና ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ወደ ውስጥ ሲዘልቁ መንገዱ በወላጅ ይጨናነቃል። እኔ የሄድኩት ግን ለደብተር አልነበረም። የእህቴ ልጅ አራት ዓመቷን ልትይዝ ነው። አባትና እናቷ ከአማርኛ ሌላ በማይነጋገሩበት ቤት እያደገች ቢጫን «የሎ» ትላለች፤ እስከ አሥር የምትቆጥረውም በእንግሊዝኛ ነው። ያስተማራት የእናቷ ስልክ ነው። እህቴ ከሥራ ገብታ ወጥ እስክትሠራ ድረስ ስልኳን ትሰጣታለች። እኔ አልፈርድባትም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ይህን የማታደርግ ሠራተኛ እናት ብዙ አላየሁም። «አንተ መጽሐፍ ታውቃለህ፤ እስቲ ምን ላንብብላት? ምንስ ላሳያት?» ብትለኝ ነው ጉዞ የጀመርኩት።

የመጀመሪያው ባለሱቅ ወጣት ነው።

«ስንተኛ ክፍል ናት ወንድሜ?»

«ገና ትምህርት ቤት አልገባችም።»

«ታዲያ መጽሐፍ ምን ያደርግላታል?» አለኝ፣ ከልቡ ተገርሞ። ባዶ እጄን እንዳልመለስ ብሎ የፊደል ገበታ አወጣልኝ። ገዛሁት። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ ያሳተሙት ገበታ ስንቱን ሰው ከፊደል ጋር እንዳስተዋወቀ ስለማውቅ ገበታ ሲሰጡኝ እምቢ ማለት አይሆንልኝም። ልጅ ፊደል ለመቁጠር የሚጓጓው ግን ከፊደሉ በስተጀርባ ተረት እንዳለ አስቀድሞ ሲያውቅ ነው። ለባለሱቁም ይህንኑ ነገርኩት። «እሱስ ልክ ነህ፤ ግን አይሸጥማ!» አለኝ።

ሲጠቁሙኝ ሲጠቁሙኝ አንዲት እናት ዘንድ ደረስኩ። ጅምላ አከፋፋይ ናቸው። የተረት መጽሐፍ አለ ወይ ስላቸው ልጁን ወደ ቆጡ ሰደዱት። አቧራ የጠጣ፣ በካኪ ወረቀት ተጠቅልሎ በሲባጎ የታሰረ እሽግ ይዞ ወረደ። «እኛ ሳንነጣጥል በደርዘን ነው የምንሸጠው» አሉኝ። የተለያየ ተረት መሆኑን ጠየቅኩ። «ቅይጥ ነው ልጄ፣ ቅይጥ» አሉ። በካኪው ቀዳዳ አንድ አንበሳና አንዲት ጦጣ ይታያሉ። ከፍዬ ወጣሁ።

ዝናቡ መጣ። የነሐሴን ዝናብ መርካቶ ውስጥ የሚያውቀው ያውቀዋል፤ ሸራ ያለበት ሁሉ ሰው ይሞላል። እኔም ሹራብ በምትሸጥ ወጣት እናት ሸራ ሥር ተጠጋሁ። ሦስት ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጇ ካርቶን ላይ ተቀምጧል፤ ከፊቱ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ የተደገፈ ስልክ አለ። ፊልሙ በማያውቀው ቋንቋ ይጮኻል፤ ሥዕሉ በየቅጽበቱ ይቀያየራል። የልጁ ፊት ግን አይንቀሳቀስም፤ አይስቅም፣ አይደነግጥም፣ እናቱንም ቀና ብሎ አያይም። እንዲህ ያለ ሕፃን ፊት ሳይ ልቤ ያዝናል።

«እህቴ፣ ፀሐይን ታውቂያታለሽ? ቀጭኔዋን?» አልኳት።

«እንዴ! እሷን እያየሁ አይደል ያደግኩት!»

የዛሬዎቹ እናቶች ትናንት ፀሐይን ያዩ ልጆች መሆናቸውን ያሰብኩት ያን ጊዜ ነው። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በ1999 ዓ.ም. ገደማ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ሲጀምር፣ ከጀርባው የነበሩት የአንደኛ ክፍል መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ሼን ኤትዘንሃውዘር ናቸው። ቤታቸው ውስጥ ነበር የሚሠሩት፤ የፀሐይን ድምፅ የምታወጣውም ብሩክታዊት ራሷ ነበረች። በ2008 እ.ኤ.አ. ጃፓን ፕራይዝ የተባለውን የትምህርታዊ ፕሮግራሞች ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። ለእኔ ግን ከሽልማቱ ይልቅ የሚበልጠው የፀሐይ እርጋታ ነው። ትጠይቃለች፣ ልጁ እስኪያስብ ትጠብቃለች። እጅ መታጠብን ስታስተምር የምታስታጥበው እዚሁ እኛ ቤት ባለው ውኃና ሳሙና ነው።

እናትየው ዩቲዩብ ላይ ፈልጋ ከፈተችለት። ልጁ ትንሽ ተነጫነጨ፤ የለመደው ስለተወሰደበት ነው። ቆየት ብሎ ፀሐይ አንድ ነገር ስትጠይቅ ጮክ ብሎ «አዎ!» አላት። ከዚያ ወደ እናቱ ዞሮ ሳቀ። እኔ የፈለግኩት ይህንን ነው፤ ዞሮ የሚያየው ሰው አጠገቡ ሲኖር።

አባባ ተስፋዬም ቢሆኑ ምን ነበራቸው? በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን አገራችን ሲገባ ጀምረው ለ42 ዓመት ያህል ለልጆች ተረት ሲነግሩ ወንበርና አንደበት ነበር ያላቸው። ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት ምንጣፉ ላይ ተደርድረን ስናያቸው ትልልቆቹም አብረውን ይቀመጡ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 4 ዓመት የሆኑ ልጆች በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ስክሪን ፊት እንዳይቀመጡ፣ ከዚያ ካነሰ ደግሞ የተሻለ መሆኑን ይመክራል። አባባ ተስፋዬ አንድ ሰዓት ሙሉ አያስቀምጡንም ነበር፤ ተረቱ ሲያልቅ ወደ ጨዋታችን እንወጣለን።

ዝናቡ ሲያባራ ወጣሁ። «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። ተሸካሚው የተከመረ ፍራሽ በጀርባው አዝሎ እየሮጠ ነው፤ የፍራሹ ጫፍ ክንዴን መታውና እሽጉ ጭቃ ላይ ወደቀ። ሰውየው ሸክሙን እንዳዘለ ቆሞ «ይቅርታ ወንድሜ፣ ምግብ ነው?» አለኝ። መጽሐፍ መሆኑን ስነግረው በባዶ እግሩ ገፋ አድርጎ ከውኃው አወጣልኝ።

እህቴ ቤት ስንፈታው የውጭዎቹ ሁለቱ ብቻ ረጥበዋል። ሌላው ደህና ነው፤ ግን አሥራ ሁለቱም አንድ መጽሐፍ ነው! አሥራ ሁለት ጊዜ ያው አንበሳ፣ ያቺው ጦጣ። በጭቃ የተነካ ዕቃ መልሱልኝ አይባልም። ተረቱ ደግ ነው፤ ኅትመቱ ግን የጋማው ቀለም ከመስመሩ ወጥቶ አንበሳው አጠገብ የቆመ ነው። መጨረሻው ገጽ ላይ «የመልመጃ ጥያቄዎች» ተደርድረዋል። ይህን ነገር አጥብቄ እቃወማለሁ። አያቶቻችን «ተረት ተረት» ብለው «የመሠረት» ስንላቸው የጀመሩትን ተረት በፈተና አልጨረሱትም።

መጽሐፉን በግቢውና በሠፈሩ ላሉ ሕፃናት አደልነው። ከዚያ ያልጠበቅኩት ነገር ሆነ። ልጆቹ ሁሉ አንድ መጽሐፍ ስላላቸው ደረጃው ላይ ተቀምጠው እኩል ይገልጣሉ። ማንበብ የሚችል አንድም የለም፤ ተረቱን ግን በቃላቸው ይዘውታል። አንዱ ገጽ ሲዘል ሌላው «አይደለም! መጀመሪያ ጦጣዋ ናት» ብሎ ያርመዋል። የእህቴ ልጅ የአንበሳውን ቆዳ በጣቷ እየነካች «ቢጫ» ስትል ሰማኋት። ልጅ አንድን ተረት መቶ ጊዜ ቢሰማ አይሰለችም፤ የሚሰለቸን እኛ ነን። ስለዚህ ብዙ መግዛት ያልቻለ ወላጅ አይጨነቅ፤ አንድ መጽሐፍ በየማታው ይበቃል።

ጭራሽ መጽሐፍ የለም እንዳይባል ደግሞ፣ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስን ማንሳት አለብኝ። ሳን ፍራንሲስኮ በቤተ መጻሕፍት ሠራተኛነት ሳሉ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ቢያጡ፣ የማሞ ቂሎን ተረት በ2002 እ.ኤ.አ. በአማርኛና በእንግሊዝኛ ከነቀለም ሥዕሉ አሳተሙ። በቀጣዩ ዓመት እዚህ አዲስ አበባ፣ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በአህያ የሚጎተት ቤተ መጻሕፍትም ወደ ልጆች ልከዋል። በአህያ የደረሰ መጽሐፍ መርካቶ መድረስ አያቅተውም።

የመርካቶ ጅምላ ነጋዴዎች፣ በናንተ በኩል ያላለፈ ዕቃ ወደ ክፍለ ሀገር ብዙም አይደርስም። ነሐሴ ላይ ለደብተር ከምትሰጡት መደርደሪያ አንዱን ለተረት መጽሐፍ ስጡልን፤ ደርዘኑንም ከልብ ቅይጥ አድርጋችሁ እሰሩልን። አሳታሚዎችም የመልመጃ ጥያቄውን አውጡና በቦታው አንድ ተጨማሪ ሥዕል ጨምሩበት።