ውድድር እኮ አይደለም!

ከፓሪስ ወጣ ብላ ካለችው ራምቡዬ ተነስቶ ብረስት፣ ከብረስት ዞሮ ራምቡዬ። ደርሶ መልስ 1200 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በብስክሌት፣ ቢበዛ በ90 ሰዓት። የገንዘብ ሽልማት የለም፤ ደረጃም የለም። ፓሪስ–ብረስት–ፓሪስ ይሉታል። በየአራት ዓመቱ በሺህ የሚቆጠሩ ጤነኛ ሰዎች ከኪሳቸው ከፍለው ይገቡበታል። ጤነኛ ያልኩት ሲነሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1891 ሲጀመር ነገሩ ለሰው ይገባ ነበር። «ለ ፔቲ ዡርናል» ጋዜጣውን ሊያሻሽጥ ውድድር አዘጋጀ፤ ሻርል ቴሮን በ71 ሰዓት ከ22 ደቂቃ አንደኛ ወጣ፤ ጋዜጣውም ወሬ አገኘ። ምን ዓይነት ኋላ ቀርነት! ዛሬ ሰው ሠልጥኖ ማሸነፉን ትቶታል፤ መከራውን ብቻ ለይቶ አስቀርቷል።

ደግሞ እንዲሁ ዘው የሚባልበት አይምሰላችሁ። በዚያው ዓመት 200፣ 300፣ 400 እና 600 ኪሎ ሜትር ነድቶ ማስመስከር ግድ ነው። ደምሩት እስቲ፤ 1200ው እንዲፈቀድለት 1500 ይነዳል። ለቁልቢ ገብርኤል ተስሎ ድንጋይ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሰው ቢያንስ ከመልአኩ ጋር የተነጋገረው ጉዳይ አለው። እነዚህ ብስክሌተኞች የተዋዋሉት ከማኅተም ጋር ነው። መንገድ ላይ ካለው መቆጣጠሪያ ጣቢያ ይደርሳሉ፣ ካርዳቸውን ያስመታሉ፣ ይቀጥላሉ። ብረስት የአትላንቲክ ወደብ ናት፤ አብዛኛው ግን እግሩን እንኳ ውኃ ሳያስነካ ማኅተሙን አስመትቶ ጀርባውን ይሰጣታል። ባሕር ለሥራ ፈት ነው!

ሁለተኛው ሌሊት ላይ የጣቢያውን የምግብ አዳራሽ ማየት ነው። አንዱ ሹካውን እንደጨበጠ ጉንጩን ፓስታው ላይ አሳርፎ ያንኮራፋል። ሌላው ጠረጴዛ ሥር ተጋድሟል፤ የራስ ቁሩን እንኳ አላወለቀም። የብሪታኒ ገበሬዎች ደጃፋቸው ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው በውድቅት ሌሊት ቡናና ክሬፕ በነፃ ያድላሉ። ፈረንጅ ለማያውቀው መንገደኛ እንዲህ ሲያዝን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሁኔታቸው ምን ቢመስል ነው!

ታዲያ ያን ሁሉ አልፎ የተመለሰውን «ስንተኛ ወጣህ?» በሉት። ይቆጣል። «ውድድር እኮ አይደለም! ከራስ ጋር መገናኘት ነው፣ ወንድማማችነት ነው!» ይላችኋል። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው «78 ሰዓት ከ14 ደቂቃ» ይላል። የጓደኛውንስ ካላችሁት፣ የዚያ ወንድሙ ደግሞ 81 ነው። ሦስት ሰዓት የተኛ ሰነፍ።