የቅቤ ገበያ ኬሚስት

መጠራጠር ይዋጣልኛል። ነቀምት አጠገብ ጉቴ ላይ ኬሚስትሪ ሲያስተምር የኖረ ሰው ያልተፈተሸ ነገር አይቀበልም ብዬ ስናገር ብትሰሙኝ ታምኑኛላችሁ። በርበሬ ውስጥ ቀይ አፈር ይጨመራል ሲባል ሰምቼ ወጡን በእንጀራ ጠርጌ በልቻለሁ። ማን እንዳወጣው የማላውቀውን አረቄ ክዳኑ በላስቲክ በታሰረ ሃይላንድ ተቀብዬ ጠጥቻለሁ። ለጨጓራዬ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ኦሜፕራዞል እየገዛሁ ዓመታት ስውጥ አንድ ቀን «የት ተሠራ?» አላልኩም። ጥርጣሬዬ የነቃው ሐኪም ሊያድነኝ የተነሣ ጊዜ ነው።

ነገሩን ያመጣው ደም ልገሳ ነው። ደም ሰብሳቢዎቹ ትምህርት ቤት በመጡ ጊዜ በተማሪዎች ፊት ጀግና ልምሰል ብዬ ቀድሜ ክንዴን ዘረጋሁ። ደም ባንክ የተለገሰውን ሁሉ ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ለቂጥኝም ይመረምራል። ተጠርቼ ሄፓታይተስ ሲ ሳይኖርብህ አይቀርም ስባል የመጀመሪያ መልሴ «ዓይኔ መቼ ቢጫ ሆነ?» የሚል ነበር። ይህ ቫይረስ ዓይን ሳያስቀይር ሃያም ሠላሳም ዓመት ጉበት ውስጥ አድፍጦ እንደሚኖር ከባዮሎጂ መምህሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ግን በእኛ ሰፈር የጉበት ሕመም ማለት የወፍ በሽታ ነው፤ የወፍ በሽታ መድኃኒት ደግሞ በየአጥሩ የበቀለው ስሚዛ ነው። ነቀምት ሄጄ ቫይረሱ በደሜ ውስጥ መኖሩ ተረጋግጦ ስመለስ፣ የኬሚስትሪ መምህሩ ጎረቤት አጥር ሥር ቆሞ ቅጠል ሲቀነጥስ ታየ። ጨመቅሁት፣ ጠጣሁት፤ ለሐኪሙ ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ሕክምናው ሳይጀመር ለሄፓታይተስ ቢም ተመርመር ተባልኩ። «ለሲ የሄድኩትን ሰው ከቢ ጋር ምን አገናኘው? ደሜን ሊነግዱበት ነው እንጂ!» ብዬ ቤቴ ገብቼ አማረርኩ። ምክንያቱ የገባኝ ዘግይቶ ነው። መድኃኒቱ ሲን ሲያጠፋ አብሮ የተኛ ቢ ካለ ሊቀሰቀስና ጉበትን ክፉኛ ሊጎዳ እንደሚችል የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። እኛ አገር ደግሞ ቢ ከሲ ይበዛል፤ በዚያው ዓመት የታተመ አንድ የኢትዮጵያ ጥናቶች ማጠቃለያ ቢን 7.4፣ ሲን 3.1 በመቶ ላይ አስቀምጧቸዋል። በኋላ ስለ መድኃኒቱ ንጽሕና ሌሊት ሲገላበጥ ያደረው ይኸው ሰውዬ፣ ንጹሑ መድኃኒት እንኳ እንዳይጎዳው የተደረገለትን ምርመራ ሌብነት ብሎታል።

ከዚያ ጠርሙሱ እጄ ገባ። 28 ክኒን የያዘ ነጭ ፕላስቲክ ነው፤ ሕክምናው 12 ሳምንት ስለሚፈጅ እንዲህ ያለ ሦስት ጠርሙስ ይወሰዳል። ሶፎስቡቪርና ቬልፓታስቪር የሚባሉት ሁለቱ በአንድ ክኒን ተዋህደዋል። ጎኑ ላይ ህንድ አገር መሠራቱን የሚገልጽ ጽሑፍ አለ። እሷን ሳነብ ልቤ ወረደ።

ጉቴ ገበያ ቅቤ የሚገዛ ሰው ሲመርጥ አይታችሁ ይሆናል፤ ቅጠሉን ገልጦ ያሸታል፣ በአውራ ጣቱ ይጫናል፣ ጥቂት ምላሱ ላይ አድርጎ ሰማይ ሰማይ ያያል። እኔም ክኒኑን እንደዚያው አደረግሁት። አሸተትኩት፤ አይሸትም። «መድኃኒት ሆኖ እንዴት አይሸትም?» ላስኩት፤ መረረኝ። «ይህን ያህል መምረሩስ ለምንድን ነው?» ጠርሙሱ ውስጥ ያገኘኋትን ትንሽ ከረጢት አውጥቼ በወረቀት ጠቀለልኩና «ባዕድ ነገር» ብዬ ጻፍኩባት። እርጥበት መምጠጫ ሲሊካ ጄል ነበረች፤ የትምህርት ቤታችን ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። በመጨረሻም አንዷን ክኒን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣልኳት። እየፈረፈረች ስትበታተን «ደካማ ናት» ብዬ ፈረድኩባት፤ ባትበታተን «ድንጋይ ናት» ማለቴ አይቀርም ነበር። የመበታተን ፈተና በእርግጥ አለ፤ በሰውነት ሙቀት ልክ፣ በ37 ዲግሪ፣ ሰዓት ተይዞ ላቦራቶሪ ውስጥ ይካሄዳል። የእኔው በቡና ብርጭቆ ነበር። ባለቤቴ መጥታ አየችና «አንተ ሰውዬ፣ ያመመው አንተን ነው ብርጭቆውን?» አለችኝ።

ፍርሃቴ ከባዶ አልመጣም፤ ይህችን ያህል ለራሴ ልሟገት። ራንባክሲ የተባለው የህንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2013 ደረጃውን ባልጠበቀ መድኃኒት ተከሶ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ጥፋቱን አምኗል፤ 500 ሚሊዮን ዶላርም ከፍሏል። በዓመቱ ሶፎስቡቪርን እንዲሠሩ ፈቃድ ካገኙት ሰባት ኩባንያዎች አንዱ እሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ጋምቢያ ውስጥ ከ60 በላይ ሕፃናት ሞተው፣ ከህንድ በመጣ የሳል ሽሮፕ ውስጥ መርዛማ ኬሚካል መገኘቱን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። ይህን ሁሉ በሬዲዮ ሰምቻለሁ። ያልለየሁት ነገር ቢኖር ጄኔሪክ ማለት አስመስሎ የተሠራ ማለት አለመሆኑን ነው። ጄኔሪክ ያንኑ ንጥረ ነገር በዚያው መጠን ይዞ፣ ቆሻሻው ተለክቶ፣ ሰው ደም ውስጥ ገብቶ የሚደርስበት መጠን ከመጀመሪያው መድኃኒት ጋር ተነጻጽሮ የሚመዘገብ ነው። ደንቡ ማነጻጸሪያው ከ80 እስከ 125 በመቶ ባለ ወሰን ውስጥ መውደቅ አለበት ይላል። እኔም ሻይ ቤት ተቀምጬ «በሕግ 20 በመቶ ሰርቀው ይሸጡልናል» ብዬ አስተማርኩ። ወሰኑ ግን የስታቲስቲክስ ነው፤ ከሰው ሰው የሚለያየውን የደም ልኬት ስህተቱን ጨምሮ የሚያጥር እንጂ ክኒኑን የሚሸራርፍ አይደለም። ሂሳብ አስተማሪው አጠገቤ ተቀምጦ ነበር፤ ሻዩን የምከፍለው እኔ ስለሆንኩ ዝም አለኝ። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን 8482 የሚባል ነጻ የስልክ መስመር አለው። ቁጥሩን አውቀዋለሁ፤ ግን መደወል ማለት መልስ መስማት ነው።

ሚኔሶታ ወዳለው የአጎቴ ልጅ ደወልኩ። «ወንድሜ፣ ኦርጅናሉን ላክልኝ» አልኩት። ሳቁን ከጨረሰ በኋላ «ጋሼ፣ ኦርጅናሉ እኮ ሲወጣ አንዷ ክኒን 1,000 ዶላር ነበረች» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ጊሊያድ የተባለው ኩባንያ ሶፎስቡቪርን ሶቫልዲ ብሎ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 ሲያወጣ የ12 ሳምንቱ ዋጋ 84,000 ዶላር ነበር። እንግሊዛዊ ተመራማሪዎች በማግሥቱ ዓመት ሲያሰሉ ግን ያንኑ ለማምረት የሚበቃው ከ68 እስከ 136 ዶላር መሆኑን አገኙ። የቀረው የንጽሕና ዋጋ ሳይሆን የፓተንት ነው። ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 ለህንድ አምራቾች ፈቃድ ሰጥቶ 91 አገሮች ውስጥ እንዲሸጡ ሲስማማ ኢትዮጵያም ስሟ ነበረበት። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ቀጠለና አሜሪካ ውስጥ ከሚታዘዘው መድኃኒት አሥር እጁ ዘጠኙ ጄኔሪክ መሆኑን ነገረኝ፤ እሱም የደም ግፊቱን የሚቆጣጠረው በህንድ ክኒን ነው። ጊሊያድም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ የራሱን መድኃኒት በሌላ ስም ጄኔሪክ አድርጎ በ24,000 ዶላር መሸጥ ጀምሮ ነበር። ይህን ስሰማ የማንን ጨዋነት እንደምጠራጠር ግራ ገባኝ።

ይባስ ብሎ እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ጃፓን፣ ናራ ውስጥ ሐሰተኛ የሄፓታይተስ ሲ መድኃኒት ፋርማሲ ውስጥ ሲያዝ፣ የተመሰለው የጊሊያድ ውዱ ሃርቮኒ ነበር። ያስተዋለው በሽተኛው ነው፤ ቅርጽና ቀለሙ ሌላ ሆነበት። ሌባ ውዱንም ያስመስላል፤ ዋጋ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። እኔ ግን ዋጋው ሲረክስ ነበር የምጠረጥረው።

ዋናው ኃጢአቴ ገና ነው። ፋርማሲስቷ ጠርሙሱን ስትሰጠኝ «ባርሲሳ (መምህር)፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። «የለም» አልኳት። ኦሜፕራዞልን መድኃኒት አልቆጥረውም፤ ከእንጀራ ጋር የሚመጣ ነገር ይመስለኛል። ስሚዛውንማ ማን ያነሳዋል። በጠርሙሱ ዙሪያ የታጠፈችው ወረቀት ደግሞ ፊደሏ እንደ ጤፍ ስለሆነ ወርውሬ ረሳኋት። አንድ ምሽት ልጄ አንሥታ ማንበብ ጀመረች። «አባዬ፣ ኦሜፕራዞል አትውሰዱ ይላል እኮ» አለችኝ። ቬልፓታስቪር ጨጓራ ውስጥ አሲድ ካላገኘ በደንብ አይሟሟም፤ ኦሜፕራዞል ደግሞ አሲዱን ያደርቃል። ይህ ኬሚስትሪ ነው። አሲድና ቤዝን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ እጄ በጠመኔ ነጥቷል። ህንዶቹ 20 በመቶ ሰርቀውኛል ስል የከረምኩት ሰው፣ መድኃኒቱን በገዛ ጨጓራው ሲያራክስ ነበር።

በማግሥቱ ነቀምት ሄጄ ለፋርማሲስቷ ሁሉንም ነገርኳት፤ ማለት ይቻላል ሁሉንም። ብርጭቆ ውስጥ የጠፋችውን ክኒን «ወድቃብኝ ነው» አልኩ። አልተቆጣችኝም። ኦሜፕራዞሉን እንዳቆም፣ ጨጓራዬ ካስቸገረኝ ግን ክኒኑን ከምግብ ጋር ወስጄ ከአራት ሰዓት በኋላ ብቻ እንድውጠው ነገረችኝ። ስሚዛውን ተወው፣ አረቄውንም አለችኝ። አረቄውን አልነገርኳትም ነበር፤ ከየት እንዳወቀች እንጃ። «ስለ ህንዱ የሰማሁት ነገር አለ» ስላት ከመደርደሪያው ሁለት ሣጥን አውርዳ የምዝገባ ቁጥሩን፣ የምርት ቁጥሩንና የሚያበቃበትን ቀን አሳየችኝ። «ይህ የሌለውንና ገበያ ላይ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ የሚሸጠውን ይጠርጥሩ» አለች። ጄምስ ፍሪማን የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም በሽተኞቹ ከህንድና ከሌሎች አገሮች ያስመጡትን ጄኔሪክ ሲከታተል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ባርሴሎና ላይ ያቀረበውንም ነገረችኝ፤ ከአሥሩ ከዘጠኝ በላይ ድነዋል። የክኒኑ ፈተና ምላስ አይደለም፤ ከጨረሱ ከ12 ሳምንት በኋላ ቫይረሱ ደም ውስጥ መኖር አለመኖሩ ነው።

ጨረስኩ፤ ጠብቄ ተመረመርኩ፤ ቫይረሱ የለም ተባልኩ። እዚህ ላይ ብቆም ጥሩ ሰው እመስል ነበር። ሻይ ቤት ገብቼ «ምን ወስደህ ዳንክ?» ብለው ሲጠይቁኝ ግን፣ ያን ሁሉ ወሬ ስነዛ የከረምኩ ሰው ነኝና፣ «የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ ልኮልኝ» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ገረመኝ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያ ስሚዛውን ከአጥሩ የቀነጠስኩበት ጎረቤቴ መጣ። እሱም ሲ ተገኝቶበታል፤ መድኃኒቱም ታዞለታል። «የህንዱን አልወስድም፤ የአጎትህን ልጅ ስልክ ስጠኝ» አለኝ። ያን ጊዜ ነው ደንግጬ ባዶ ጠርሙሶቼን ከአልጋ ሥር አውጥቼ ያሳየሁት። «ይኸው፣ ህንድ ይላል፤ እኔም የወሰድኩት ይህንኑ ነው» አልኩት። ጠርሙሱን አገላበጠ፣ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተ፣ መለሰልኝ።

«ስልኩን ላለመስጠት ይህን ያህል መዋሸት አያስፈልግም ነበር» ብሎኝ ወጣ።