ለተቃውሞ እጅ የተነበበ የሕይወት ታሪክ

የዕድር ዳኞች፣ ወዳጅ ዘመዶች፣ ከወልቂጤም ከቡታጅራም የመጣችሁ ለቀስተኞች፣ ፈጣሪ ያጽናችሁ። ዛሬ የምንሸኘው «የተቃወመ?» ሲባል ከአዳራሹ መሀል ብድግ ይል የነበረውን እጅ ነው። በሕይወት ሳለ ሰላምታ የነፈጋችሁት ሁሉ ዛሬ ደረት ስትመቱ በማየቴ ቤተሰቡን ወክዬ አመሰግናለሁ።

ሟች የትልቅ ቤት ልጅ ነበር። ሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ሸንጎ ነበረው፣ ክስታኔም የጎርደና ሴራ፤ ነገር ሰው ፊት ወጥቶ ይነገር የነበረው እዚያ ነው። ታላቅ እኅቱ የቃቄ ውርድወት ናት። በ19ኛው መቶ ዘመን ይህች የሙኸር ሴት የወንዶች ሸንጎ ፊት ቆማ፣ በሚስት ላይ ሚስት መደረቡን፣ ከባሏ የተለየች ሴት ሌላ እንዳታገባ የሚያስረውን አንቂትንም ተቃወመች። የጠየቀችው ሁሉ አልተሰጣትም። እሷ ግን እስከ አዲስ አበባ መድረክ ድረስ ቴአትር ሆና ቀረች። ያን ቀን አንገቱን ነቅንቆ ዝም ካለው ሸንጎተኛ የአንዱን ስም የሚያውቅ ካለ ከቀብር በኋላ ይንገረኝ።

ከተማ ከገባ ወዲህ ሟች ጤና አልነበረውም። ኅዳር 2011 ዓ.ም. የጉራጌ ዞን ምክር ቤት ራሳችንን ችለን በክልል እንደራጅ ብሎ ሲወስን በሙሉ ድምፅ ነበር። ሟች አልታየም፤ ቀኑ የደስታ ነበርና የት ገባ ያለም የለም። ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ዞኖችን በአንድ የጋራ ክልል የሚሰበስበው የክላስተር አደረጃጀት መጣ። ሌሎቹ ዞኖች እሺ ሲሉ ወልቂጤ ላይ፣ የገዢው ፓርቲ ሰዎች በሞሉበት አዳራሽ፣ ሟች ከአልጋው ተነሣ፦ 52 ተቃውሞ፣ 40 ድጋፍ። እንደዚያ ቀን አምሮበት አያውቅም።

እኔን ይበልጥ የሚገርሙኝ 40ዎቹ ናቸው። አራት ዓመት ባልሞላ ጊዜ በፊት በዚያው ምክር ቤት አንድ እንኳ ተቃዋሚ አልተቆጠረም። ሐሳባቸውን ቀይረው ከሆነ ሰው ናቸውና መብታቸው ነው። ወይስ ያኔም ጥርጣሬ ነበራቸውና በጭብጨባው መሀል ዋጡት? ሙሉ ድምፅ ይህን አይናገርም። 52 ለ40 ግን ማን የት እንደቆመ፣ ማንን ማሳመን እንደሚቀር ያሳያል። ለ52ቱ ያጨበጨብን ሰዎች 40ዎቹን ባንዳ ለማለት ከቸኮልን የሟች ደም በእኛም እጅ አለ።

የሞቱን ምክንያት ባሳጥር ይሻላል። በዚያው የክላስተር ሰሞን ወልቂጤ በተቃውሞ ሱቅ ዘግታ ቤቷ ተቀመጠች። የካቲት 2015 ዓ.ም. ውሃ ጠፋብን ብለው በወጡ ነዋሪዎች ላይ ተተኩሶ ሰው ሞተ፤ እዚህ ላይ አልቀልድም። በዚያው ዓመት ነሐሴ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት «አይሆንም» ያለው ዞንም ውስጡ ተካተተ። ዞኑም ተከፍሎ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ሆነች፤ ለብዙ ሰው ይህ ደስታ ነው፣ ደስታውንም አልቀማም።

ግን ጥይትና መመሪያ ብቻ አልገደሉትም። አብዛኞቻችን አዳራሽ ውስጥ አጨብጭበን የምንቃወመው ክትፎ ቤት ደርሰን ነው። ቆጮው እስኪቀርብ መንግሥት ገልብጠን፣ ሂሳብ ከፍለን እንወጣለን። ክትፎ ቤት ደግሞ ቃለ ጉባኤ አይያዝም።

ሟች ጭብጨባ የሚባል ወንድምና ሐሜት የምትባል ታናሽ እኅት ትቶ አልፏል። ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ወፍረዋል።

እንግዲህ ለቀስተኞች፣ ድንኳኑ ሳይፈርስ አንድ ልመና አለኝ። ይህ ቀብር ልክ አይደለም፣ ሰውየው አልሞተም የሚል ካለ መንገድ ላይ በጆሮዬ አያንሾካሹክብኝ። እዚሁ ሰው ፊት እጁን ያውጣ። የዕድሩ ጸሐፊም እባክህ ቁጠር፤ ቁጥሩንም መዝገብ ላይ ጻፍልን።