ጅቡቲ በፊልም ስትመጣ እኛ የት ነው የምንገባው?

ጅቡቲ ከተማ የምንኖር ሰዎች ብዙ ነገር ችለናል። የሐምሌውን ትኩስ ነፋስ፣ ካምሲንን ችለናል፣ ጨው ጨው የሚለውን የቧንቧ ውኃ ችለናል፣ የመብራቱንም መጥፋት ችለናል። ከተማችን በፊልም ስትመጣ የምትሰጠንን ቦታ ግን ልንለምደው አልቻልንም። ወንጀል ያለበት ፊልም ከሆነማ ገና ሳይጀመር እናውቀዋለን። ጠላፊው የኛ ሰው፣ ወንበዴው የኛ ሰው፣ አዳኙ ከውጭ የመጣ፣ ሴቲቱ የቡና ቤት። ታከተን።

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውን «ላንተርቫንሲዮን» የተባለ የፈረንሳይ ፊልም እንመልከት። መነሻው እውነተኛ ነው። በ1976 የፈረንሳይ ወታደሮችን ልጆች የጫነ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እዚሁ ከተማ ተጠልፎ የሶማሊያ ድንበር ላይ ሎያዳ ተወሰደ፤ ሁለት ሕፃናትም ሞቱ። የተጠለፈው ከኛ ከተማ ነው፣ የተቀረጸው ሞሮኮ ነው። በቦታው ያልነበረች አሜሪካዊት አስተማሪ ፈጥረው ለተዋናይቷ ለኦልጋ ኩሪሌንኮ ሰጧት። ላልነበረ ሰው ይህን ያህል ቦታ ከተገኘ፣ የዚያን ቀን እዚህ ለነበረው ሕዝብ እንዴት ጠፋ?

እዚሁ መጥተው የቀረጹትም ቢሆኑ ያው ናቸው። የክሌር ዴኒ «ቦ ትራቫይ» በ1999 ወጣ፣ ዓለም አደነቀው፣ ጨዉንና ባሕሩን አሳምራ ማንሳቷንም አንክድም። የፈረንሳይ ሌጂዮን ወታደሮች ልብሳቸውን ሲተኩሱ እንኳ ካሜራው አይቸኩልባቸውም። የአገሬው ሰው ግን ቆሞ ያያቸዋል፣ ካሜራውም ያልፈዋል። ስሟ የኛ የሐበሾች የሆነ ማርታ ታፈሰ ካሳ የአንዱ ወታደር ወዳጅ ሆና ትጫወታለች። ስትደንስ መልኳ ስክሪኑን ይሞላዋል። ከየት መጣች? ማንን ትረዳለች? ከዳንስ ቤቱ ስትወጣ የት ትገባለች? አልነገሩንም።

ከሁሉ የሚያንገበግበን ይሄ ነው። ሐበሻ ሴት እዚህ ከተማ ሰው ቤት ትሠራለች፣ እንጀራ ትሸጣለች፣ ፀጉር ትሠራለች፣ ሱቅ ትጠብቃለች። ቡና ቤት የምትሠራዋም ብትሆን የምትናገረው አላት፣ የምትልክላት እናት አለቻት። ካሜራው እግሯን አይቶ ይሄዳል።

ወንዶቻችንም ቢሆኑ የሉም። የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚህ ወደብ ነው። የጭነት መኪኖቹ ወረፋ የሚይዙበት ፒኬ 12 ሄዶ ማየት ነው። ሹፌሩ በተሳቢው ጥላ ሥር ምንጣፍ አንጥፏል፣ ረዳቱ ሽሮ ጥዷል፣ ወረፋው አይንቀሳቀስም። ደላላው እዚያ አለ፣ ኮንትሮባንዱ እዚያ አለ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ የመን ለመሻገር በዚያ ሐሩር በእግሩ ወደ ኦቦክ የሚያዘግም የገጠር ልጅ አለ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ባሕር ዳር የሚጥለው ሰው አለ። የወንጀል ፊልም የሚፈልግ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? የፊልም ሠሪዎቹ ዓይን ግን ከጦር ሰፈሩ አጥር አይነቀልም።

በ2021 ካዳር አይደሩስ አሕመድ «የመቃብር ቆፋሪው ሚስት»ን ይዞ ሲመጣ እፎይ ያልነው በምክንያት ነው። አካፋቸውን ይዘው ሆስፒታል ደጃፍ አምቡላንስ የሚጠብቁ ሰዎችን አሳየን፤ እንደ ድሀ ብቻ ሳይሆን እንደ ባልና እንደ አባት። ንግግሩ ሶማሊኛ ነው። ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮ ፊልም ፌስቲቫልን ትልቁን ሽልማት፣ የወርቅ ፈረሱን ወሰደ። የሰፈራችንን አቧራ ሲሸለም ማየት ደስ ይላል።

አንድ ፊልም ግን ሁሉን አይሸከምም። አሪባ ሰፈር የሚኖረው አፋር ገና ተራው አልደረሰም፣ የመናዊው ነጋዴ አልደረሰም፣ እኛም አልደረስንም። ጥሩዎች ብቻ አድርጉን አላልንም። ሌባም ካደረጋችሁን አድርጉን፣ ግን ስም ያለው፣ ቤት ያለው፣ የሚሰርቅበት ምክንያት ያለው ሌባ ይሁን። ፖሊሱም ከዚሁ ከተማ ይሁን። የዋና ተዋናዩ ጓደኛ ሆኖ በአሥረኛው ደቂቃ የሚሞት ሰው መሆን በቃን። አማርኛ የሚናገረውን ሹፌር ደግሞ እባካችሁ አማርኛ የሚናገር ሰው ይጫወተው፤ ፒኬ 12 ላይ ወረፋ የሚጠብቅ ሞልቷል።