ምንም እንዳይቀር

ጂሜይል እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ ጊጋባይት ይዞ ሲመጣ፣ ደብዳቤ መሰረዝ ቀረላችሁ ተባልን። ታዛዦች ነንና አልሰረዝንም። አሁን ነጻው 15 ጊጋባይት ከነፎቶው ጢም ብሏል፤ አስተዋይ ሰው ታዲያ የድሮ ኢሜይሉን ወደ ኮምፒውተሩ ያወርዳል። ደግ አደረገ! «ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ» የሚለው መልስ፣ ለእርሱ የተሰጠው «ምንም አይደል»፣ የተዘጋ ድርጅት የይለፍ ቃል መቀየሪያ፣ «ዲቪ ደርሶዎታል፣ ገንዘብ ይላኩ» የሚለው የአጭበርባሪ ብሥራት፣ ይህ ሁሉ ቢጠፋ ታሪክ ምን ይለናል?

ለማውረድ የሚያገለግለው ጉግል ቴክአውት ሁሉንም ኤምቦክስ በሚባል ፋይል ጠቅልሎ ያስረክባል። ፋይሉ እንደ ተንደርበርድ ያለ ፕሮግራም ካልተጫነለት በቀላሉ አይከፈትም፤ ቅርስ እንዲህ ነው የሚጠበቀው። ማውረጃው ሊንክ የሚቆየው አንድ ሳምንት ገደማ ነው። መብራትና ኔትወርክ በአንድ ቀን ከተገናኙ ይበቃል።

አንዲት ነገር ብቻ አለች። ማኅደሩ መዘጋጀቱ የሚነገረን በኢሜይል ነው፤ ያ ኢሜይል ደግሞ ማኅደሩ ውስጥ የለም። ጠንቃቃ ሰው ይህን ክፍተት አይቶ ዝም አይልም፤ ወዲያው ሌላ ማኅደር ያዝዛል። ሁለተኛውም ሲያልቅ በኢሜይል ያሳውቁታል፤ ጨዋዎች ናቸው።